ክቡር ጋሽ ሜትር እና የሻወራችን ፓምፕ

አንድ ሕንፃ ያለ አሳንሰር ሊኖር ይችላል። ያለ ጠባቂ፣ ያለ ቀለም፣ አንዳንዴም ያለ ውሃ ይኖራል። ያለ ለኪ የተሠራ ሕንፃ ግን እስካሁን አላየሁም። ለኪ ስል ባለሙያ ማለቴ አይደለም። ባለሙያ ተጠርቶ ይመጣል፣ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ለኪ ሳይጠራ ይመጣል፣ ሥራ አይሠራም፣ አይሄድምም። በእናንተም ሕንፃ አለ። የለም ካላችሁ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛው ለኪ ክቡር ጋሽ ሜትር ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ሚዛን ሲቆጣጠሩ ኖረዋል። ኪሎው ኪሎ፣ ሊትሩም ሊትር መሆኑን ያረጋግጡ ነበር። ከዚያ ጡረታ ወጡ ተባለ፤ ወሬው ግን እሳቸው ጋ አልደረሰም። ቀበቷቸው ላይ የብረት ሜትር ይንጠለጠላል፤ ሸሚዝ ይቀየራል፣ ሜትሩ አይቀየርም። ሰዓታቸውን ፊቱን ወደ ውስጥ አዙረው ነው የሚያስሩት፣ ሰው ሳያይባቸው ለማየት። በግራ እጃቸው ደግሞ በቀይ ቀለም ምልክት የተደረገበት ባለ አንድ ሊትር ጆግ አለ። ጆጉን ይዘው ደረጃ ሲወጡ ያየ እንግዳ ወተት ሊገዙ የወጡ ደግ ሽማግሌ ይመስሉታል። እኛ ግን ዛሬ የማን ቤት ቧንቧ ሊመረመር ይሆን እያልን በር መዝጋት እንጀምራለን።

ማንኛውንም ነገር ስትነግሯቸው አንገታቸውን ዘመም ያደርጉና ያቺን ጥያቄያቸውን ያመጧታል።

«ለክተሽዋል ወይስ ገምተሽዋል?»

ገምቼ ነው ያለ ሰው ወዮለት። «ግምት የሰነፍ ሜትር ነው» ይሉና ከቀበቷቸው መምዘዝ ይጀምራሉ። እንደምን አደሩ ሲባሉም እንደ ማንም ሰው ደህና ብለው አያልፉም። «ስድስት ሰዓት ከሩብ ተኝቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ነቅቻለሁ» ይላሉ። ሰላምታ ያቀረበው ሰው ሦስት ቁጥር ተሸክሞ ወደ ሥራው ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አዲስ ተጋቢዎች ማቀዝቀዣ ገዝተው መጡ። ጋሽ ሜትር በር ላይ ተቀበሏቸው። ማቀዝቀዣውን ለኩ፣ ደረጃውን ለኩ፣ «ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሦስት ሴንቲ ይጎድላችኋል፤ የማቀዝቀዣውን በር ፈታችሁ አውጡት» አሉ። ሙሽራው የት ሰምቶ። «ዘንበል እናደርገዋለን» አለ። እሳቸውም አልተከራከሩም። ሻያቸውን ይዘው ሄዱና ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ማቀዝቀዣው መጥቶ እፊታቸው ተቀረቀረ። አራት ተሸካሚዎች ሲያለከልኩ እሳቸው ሻያቸውን ፉት አሉና «ሦስት ሴንቲ» አሉ። ሰው የማይወድላቸው ይህን ነው። ትክክል መሆናቸውስ ይሁን፤ ቀድመው መቀመጫ መያዛቸው ነው ቆሽት የሚያሳርረው።

የባሰም አለ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ሹፌር ታሞ አልጋ ላይ በዋለበት ሰሞን ክቡርነታቸው ከበሩ ፊት ለፊት ተንበርክከው የደረጃውን ስፋት ሲለኩ ተገኙ። «ምናልባት ቃሬዛ ቢያስፈልግ ይዞር እንደሆነ ብዬ ነው» አሉ። ታማሚው በበሩ ቀዳዳ አይቷቸው በንዴት ተነሣ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልታመመም፤ ከዚያ ቀን ወዲህም አላናገራቸውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአምስት ደቂቃው አዋጅ ነው። ሕንፃችን ጣሪያው ላይ አንድ ትልቅ የውሃ ታንከር አለው። የመንገዱ ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ስለሚመጣ ያ ታንከር የሁላችንም ተስፋ ነው። ከሱ ለየቤቱ አንዳንድ ቧንቧ ይወርዳል፤ በየቧንቧውም ላይ መዝጊያ አለ። ጋሽ ሜትር ታንከሩን ለነዋሪው ቁጥር አካፈሉና በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው ደረጃው ላይ ለጠፉ፦ «ሻወር ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ። ይህ ግምት አይደለም።» የየቤቱ መታጠቢያ መስኮት ወደ ደረጃው ስለሆነ የማን ውሃ እንደሚፈስ ከውጭ ይሰማል። እሳቸውም እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ይሰማሉ።

ሦስተኛ ፎቅ ያለው መምህር አንድ ቀን ራሱን ሳሙና መትቶ እያንጎራጎረ ውሃው ቀጥ አለበት። ፎጣ አገልድሞ፣ አረፋውን እንደ ነጭ ባርኔጣ ደፍቶ ጣሪያ ላይ ወጣ። ጋሽ ሜትር መዝጊያው አጠገብ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ምን ማድረግዎ ነው?»

«አምስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ።»

«ዓይኔ ውስጥ ሳሙና ገብቷል እኮ!»

«አሥራ ሁለቷን ሰከንድ ለዓይንህ ብዬ ነው የጨመርኩት» አሉ።

መምህሩ ይህን ቂም እንደያዘ አለ። ጊዜውን እየጠበቀ እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ።

እኛ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ የመጨረሻው። ታንከሩ ራሳችን ላይ ተቀምጦ ውሃው ለእኛ ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ቧንቧዋን ስትከፍት ባልዲው ይንቀጠቀጣል፤ የእኛ ሻወር ግን ጠብ ይልና ሁለተኛዋን ጠብታ ለመልቀቅ ያስብበታል። ስለዚህ ሻወሩን ለጌጥ ትተን በባልዲ ቀድተን፣ በጣሳ እያፈሰስን እንታጠብ ነበር። ምንም ችግር አልነበረውም፣ እናቴ እስክትመጣ።

እናቴ ብቻዋን በምትኖርበት ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ድኗል፤ ግን ያለ ምርኩዝ አትቆምም፣ ሙሉ ጣሳም ከራሷ በላይ ማንሳት አትችልም። ስለዚህ እኔ አፈስላት ጀመር። ስድስት ልጅ አጥባ ያሳደገች ሴት ናት። የመጀመሪያ ቀን ሳፈስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ቀኑንም ሙሉ ዓይኔን አላየችኝም። በሁለተኛው ሳምንት «አልቆሸሽኩም፣ ተይኝ» ማለት አመጣች። በሦስተኛው ሳምንት ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ስትከት ደረስኩባት።

«ወዴት ነው እማዬ?»

«ወደ ቤቴ። ወሩ ሲያልቅ።»

«ብቻሽን? ደግመሽ ብትወድቂስ?»

«ብወድቅም ልብሴን ለብሼ ነው» አለችኝ።

 ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፦ ሻወሩ ካልሠራ እናቴ ትሄዳለች፤ ከሄደች ደግሞ ያው ወለል ላይ ብቻዋን ነው የምትወድቀው። ባለቤቴና እኔ ለሻወሩ ፓምፕ ለመግዛት በዚያው ቀን ወሰንን። ባለቤቴ ግን ወሬ አይቋጥርም፤ ደረጃ ላይ ለልብስ ሰፊዋ ነገራት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጆጉ በራችንን አንኳኳ።

«ፓምፕ ልትገዙ ነው አሉ» አሉ ክቡርነታቸው። «ለክታችኋል ወይስ ገምታችኋል?»

ሳንመልስ አልፈው ገቡ። ሻወሩን ከፍተው ጆጉን ከሥሩ አስቀመጡና ሰዓታቸውን እያዩ ቆሙ። እኛም ቆምን።  በመጨረሻ ውሃው ቀዩን ምልክት ነካ።

«አርባ ሰባት ሰከንድ ለአንድ ሊትር» አሉ፤ ልክ የፍርድ ውሳኔ እንደሚያነብ ዳኛ። «ይህ ሻወር አይደለም። ይህ ጉንፋን ነው።»

በማግሥቱ ደግሞ ጣሪያ ወጥተው ከታንከሩ ግርጌ እስከ ሻወራችን ያለውን ከፍታ ለኩ። «ውሃ ጉልበቱን የሚያገኘው ከቁመት ነው» ብለው አስተማሩን። «ልብስ ሰፊዋ ጋ እስኪደርስ ከአሥር ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ላንቺ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ፓምፕ ያስፈልግሻል። ትንሽ ፓምፕ። ግን ስሚኝ ልጄ፣ ፓምፕን ግፋ ብትይው ይገፋልሻል፤ ሳብ ብትይው ያለቅስብሻል። ከታንከሩ ግርጌ፣ ከውሃው በታች ይቀመጥ። ውሃው ራሱ ወርዶ ይግባለት።»

በሦስተኛው ቀን ሲመጡ ደግሞ ደብተር ይዘዋል። የታንከሩ ውሃ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለሰባት ቀን መመዝገብ አለብን አሉ።

«ጋሼ» አለ ባለቤቴ፣ ደም ሥሩ ተገትሮ፣ «ሻወር ነው እኮ፣ ግድብ አይደለም።»

እሳቸው እሱን አልሰሙትም፤ ወደ እናቴ ክፍል እያዩ ነበር። «እትዬን አንድ ጥያቄ ልጠይቃቸው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖብኝ ቆሽቴ አሯል። የእናቴን ገመና ደግሞ በሜትር ሊያወጡት መሰለኝ።

«ጋሼ፣ እናቴ ተኝታለች» አልኳቸው። «ደግሞም የሱቅ ሚዛን አይደለችም።»

ሜትሩ ተስፈንጥሮ ቀፎው ውስጥ ገባ። ጆጋቸውን አንስተው፣ ደህና ዋዪ ብለው ወጡ። ስንት ሰዓት እንደቆዩ እንኳን አልነገሩኝም። ክፉ ነገር እንደተናገርኩ ወዲያው ገብቶኛል፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና በሩን ዘጋሁት።

ሐሙስ ቀን የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ባለቤቴ በመስኮት አየና «ታክሲ ውስጥ ገቡ፤ ነይ እንውጣ» አለኝ። በገዛ ቤታችን ሻወር ለመሥራት እንደ ሌባ ተጣድፈን ወጣን።

ባለሱቁ ገና ሳንናገር ገባው።

«ስንተኛ ፎቅ ናችሁ?»

«የመጨረሻው።»

«እንግዲያ ትልቁን ውሰዱ።»

«ትንሽ ይበቃል ያሉን ሰው ነበሩ» አልኩ፣ ሕሊናዬ ቆንጠጥ አድርጎኝ።

«ትንሽ ፓምፕ ገዝቶ ያልተመለሰ ሰው አላየሁም» አለ ባለሱቁ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ደረቱ ሰፋ። ወንድ ልጅ ሞተር ሲመርጥ ሚስቱን የሚሰማበት ጆሮ የለውም። አንድ ሰፈር የሚያጠጣ ፓምፕ ተሸክመን ተመለስን።

የቧንቧ ሠራተኛውም ቸኩሎ መጣ፤ ሌላ ቦታ ሦስት ሥራ ጀምሮ ትቷል። ፓምፑን የት ላድርገው ብሎ አልጠየቀም። ታንከሩ ጫፍ ላይ፣ ከክዳኑ አጠገብ በብረት አሠረው፤ የሚስበውንም ቱቦ በክዳኑ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ለቀቀው።

«ከላይ ይሻላል?» አልኩት።

«እመቤቴ፣ ውሃ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው» አለኝ። «ከፍ ባለ ቁጥር ይበረታል።»

እውነት አይመስልም? ለኔ መሰለኝ። ጋሽ ሜትር ያሉትን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሞከርነው። ፓምፑ አጓራ፣ ሻወሩም ከግድግዳው ሊወጣ ደረሰ። ባለቤቴ ከሻወሩ ሥር ገብቶ ሲወጣ ትከሻው ቀልቷል፤ «ይሄ ነው ውሃ!» እያለ ግን ይስቃል። እኔም ባልዲውንና ጣሳውን አንስቼ በኩራት ምድር ቤት ወስጄ ጣልኳቸው። እናቴንም «እማዬ፣ ከእንግዲህ ማንም አያስፈልግሽም» አልኳት። እንደ ልጅ ፈገግ አለች።

ከቀትር በኋላ ፎጣዋን ይዛ፣ ምርኩዟን እየተደገፈች ገባች። በሩን ከውስጥ ቆለፈች። እኛ ቤት ከመጣች ጀምሮ በር ስትቆልፍ የመጀመሪያዋ ነው። የቁልፉን ድምፅ ሰምቼ ደስ አለኝ።

ውሃው ወረደ። ሁለት ደቂቃ ያህል ወረደ። ከዚያ አሳለው፣ ተፋ፣ ቆመ። ጣሪያው ላይ ፓምፑ እንደ ተረገጠ ውሻ ማላዘን ጀመረ። ለካ ጠዋት ስንሞክረው ታንከሩ ሙሉ ነበር። እስከ ቀትር ጎረቤቱ ሁሉ ልብሱን አጥቦ ውሃው ዝቅ ብሏል፤ ከላይ የተንጠለጠለው ቱቦ አጭር ነበርና ጫፉ አየር ላይ ቀርቷል። በደብተር ይመዝገብ የተባለው ይኸው ነበር። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ።

ባለቤቴ ፓምፑን ሊያጠፋ ወደ ላይ ሮጠ። እኔ በሩን አንኳኳሁ።

«እማዬ፣ ክፈቺልኝ።»

ደግሜ አንኳኳሁ።

«ውሃ ላምጣልሽ፣ እማዬ።»

«ቆይ» አለች ከውስጥ። 

ባልዲ የለም። እኔው ነኝ ያወጣሁት። ሃያ ደቂቃ ያህል በሩ ላይ ቆምኩ። ስትወጣ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯ ላይ ግን ሳሙናው ደርቋል። አለፈችኝና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ነገ አድርሺኝ፣ ልጄ» አለች። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት በተሻለኝ ነበር።

ጋሽ ሜትር ከሐኪም ሲመለሱ ከታክሲው እንደወረዱ ነው የፓምፑን ለቅሶ የሰሙት። ባለቤቴ ማጥፊያውን አጥቶ ገና እየታገለው ነበር። ተከትያቸው ጣሪያ ስወጣ ሻያቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። አልተቀመጡም። ገመዱን ነቅለው፣ ቱቦውን ከታንከሩ መዝዘው እየለኩት ነው። ይሉኛል ያልኩትን አንዱንም አላሉኝም፤ እኔም ይቅርታ ማለት ስላቃተኝ ቱቦውን ያዝኩላቸው።

«ስልሳ አምስት ሴንቲ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እትዬ አሁንም ተኝተዋል?»

«አይ» አልኩ። አፈርኩ።

እናቴ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጆጉን ውጭ አስቀመጡት። አልገቡም፣ ከደፍ ላይ ቆሙ።

«እትዬ፣ ሲታጠቡ ቆመው ነው ወይስ ተቀምጠው?»

እናቴ ቀና አለች። ለአንድ ወር ያህል ስለ ዳሌዋ ያልጠየቃት የለም፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቃትም። እኔም ልጅዋ አልጠየቅኳትም።

«ተቀምጬ ነው» አለች። «መቆሙ አልሆነልኝም።»

«በርጩማው ላይ እግርዎ መሬት ይነካል?»

«አይነካም። ይንጠለጠላል።»

«ምርኩዙን በየትኛው እጅ ነው የሚይዙት?»

«በቀኙ።»

«እንግዲያ ውሃው በግራ ነው» አሉ።

በቃ፣ ይኸው ነበር ጥያቄው። እኛ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ ሻወር ስናስጮህ ሰንብተናል፤ ለቆመ ጎልማሳ፣ ለባለቤቴ ትከሻ። ተቀምጣ ለምትታጠብ አሮጊት ከዚያ ከፍታ የሚወርድ ጎርፍ በጥፊ እንደመምታት ነው። ባለጎማ፣ በእጅ የሚያዝ ሻወር፣ ከበርጩማው አጠገብ ዝቅ ብሎ ቢንጠለጠል ለውሃው ተጨማሪ አንድ ሜትር መውረጃ ይገኛል፤ ፓምፑም ትንሽ ቢሆን ይበቃል።

«ስንት ቀን ይሰጡኛል እትዬ?» አሏት።

እናቴ ሻንጣዋን አየች፣ እሳቸውን አየች። «እስከ ማክሰኞ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያየነውን መከራ ልንገራችሁ። ደግነታቸው ጥቂት አፍታ ነው የቆየው። ትልቁን ፓምፕ ሊያስለውጡ ከባለቤቴ ጋር ሱቅ ሄዱና ባለሱቁን ደንበኛ ፊት «ለክተህላቸዋል ወይስ ገምተህላቸዋል?» ብለው ያዙት። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሚዛን መመርመር ሲጀምሩ ባለሱቁ ምንም ሳይከራከር ትንሹን ፓምፕ አስረከባቸው። ጎማ ቱቦም መረቀላቸው፣ ቶሎ እንዲሄዱለት።

የቧንቧ ሠራተኛው ተጠርቶ መጣ። ክቡርነታቸው እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ አንዲት ብሎን ሳይነኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አሠሩት። ፓምፑ ከታንከሩ ግርጌ፣ ጣሪያው ወለል ላይ ሆነ። እንዳይንቀጠቀጥ ከሥሩ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ፣ ፀሐይና ዝናብ እንዳይመታው ከላዩ የቆርቆሮ ክዳን። ቧንቧ ሲከፈት ብቻውን ይነሣል፣ ሲዘጋ ብቻውን ይተኛል፤ እናቴ የምትነካው ማብሪያ የለም።

«ሁለት ሴንቲ ወደ ግራ» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ሁለት ሴንቲ ምን ለውጥ ያመጣል?»

«እሱን ሙሽራውን ጠይቀው።»

በርጩማውንም አልማሩትም። እግሮቹን በመጋዝ አስቆረጡት፤ አንዴ ተቆርጦ አራት ሚሊ ሲበልጥ ደግመው አስቆረጡት። የቧንቧ ሠራተኛው ሲሄድ ከሕንፃችን የሚመጣ ሥራ ዳግም ላይቀበል ምሎ ነው። እኔ ራሴ ሰኞ ማታ እናቴን እኔው ይዤያት ልሂድ ይሆን የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር።

ማክሰኞ ደረሰ። ሻንጣው ተዘግቶ በር አጠገብ ቆሟል። እናቴ ፎጣዋን ያዘች።

«እዚያ ደረጃው ላይ የተጻፈውን አይቻለሁ» አለቻቸው። «አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ይሆን እንጃ። ለማውለቁም ብቻ ጊዜ ይፈጅብኛል።»

«የሚቆጠረው ውሃ ከፈሰሰ ጀምሮ ነው እትዬ» አሉ። ለእናቴም እንኳን ሕጉን አላጠፉም።

ገባች። ቆለፈች። በርጩማው ትንሽ ተንኳኳ። ከዚያ ውሃው መጣ፤ አላጓራም፣ አላሳለም፣ እንደ ደህና ዝናብ ወረደ። ጋሽ ሜትር ደረጃው ላይ ከመስኮቷ ሥር ቆሙና ክንዳቸውን አዙረው ሰዓታቸውን አዩ። ባለቤቴና እኔ አጠገባቸው ቆምን፣ ትንፋሻችንን ይዘን።

ጊዜው ሄደ። ውሃው አሁንም ይፈሳል። ይቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይፈሳል። ከታች የእግር ኮቴ ተሰማ፤ መምህሩ ነው። ፊቱ ላይ የሰርግ ደስታ አለ። ያን ሁሉ ወር የጠበቃት ቀን መጣችለት።

«ጋሼ» አለ በትሕትና፣ «ይሄ ውሃ እኔ እራቴን ስጀምር ነው የተከፈተው። ጨርሼ መጣሁ። ስንት ደቂቃ ሆነ?»

ጋሽ ሜትር የሸሚዛቸውን እጅጌ ሳብ አድርገው ሰዓቱን ሸፈኑት።

«አራት ቢሆን ነው» አሉ።

መምህሩ ሊስቅ አፉን ከፈተ። በዚህ መሀል ከመስኮቷ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ እንዲህ ያለ የላላ ድምፅ ከሰማሁባት ቆየሁ።

«ደቂቃው አለፈ እንዴ?»

«ገና ነው እትዬ» አሉ ጋሽ ሜትር ቀና ብለው። «ይታጠቡ።»

መምህሩ ወደ እኔ አየ፣ ወደ መስኮቷ አየ፣ የጀመረውን ሳቅ ዋጠው። ግን ሰው ነውና ሙሉ በሙሉ አልተዋቸውም። ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃቸው።

«ለክተውታል ወይስ ገምተውታል?»

ክቡርነታቸው ጆጋቸውን ከመሬት አነሱ። ቀዩን ምልክት በአውራ ጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

«ገምቼ ነው» አሉና ደረጃውን ወረዱ።

ሻንጣው አሁን ባዶውን አልጋ ሥር ነው። አዋጁም አልተነሣም፤ ትናንት ባለቤቴን በአምስተኛው ደቂቃ ዘግተውበታል። የእናቴ ግን በዚያን ቀን ሃያ ሦስት ደቂቃ ነበር። እኔ ለክቼዋለሁ።